ንባቡ ከሰይፉ ይቅደም፦ የጥንታዊ አውሮፓ የውጊያ ጥበብ የጥናት ቡድን እንዴት ይመሠረታል?

ከ14ኛው እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን በጀርመን፣ በጣሊያን፣ በስፔንና በእንግሊዝ ከተሞች ሰይፍን፣ ጩቤን፣ ጦርንና ትግልን በሥርዓት የሚያስተምሩ መምህራን ነበሩ። አንዳንዶቹ ያወቁትን በብራና ጽፈውና በሥዕል አስደግፈው አልፈዋል፤ ማተሚያ ከተስፋፋ በኋላም የብዙዎቹ ትምህርት በመጽሐፍ ወጥቷል። የጦር መሣሪያው ሲለወጥና ሰይፍ ከዕለት ኑሮ ሲወጣ ግን መምህርን ከደቀ መዝሙር የሚያያይዘው ሰንሰለት ተበጠሰ። የእነዚያን መምህራን ረጅም ሰይፍ ከአፍ ወደ አፍ ተቀብሎ የሚያስተምር ሰው ዛሬ የለም፤ የቀረልን መጽሐፉ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አልፍሬድ ሃተንና ኤገርተን ካስል የተባሉ እንግሊዛውያን እነዚህን መጻሕፍት ከመደርደሪያ አውርደው መሞከር ጀምረው ነበር፤ ጥናቱ በስፋት የታደሰው ግን በ1990ዎቹ ነው። በእንግሊዝኛ ስሙ ምህጻረ ቃል «ሄማ» እየተባለ ይጠራል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን መመሪያ የምጽፈው ጥበቡን ሊያጠኑ ለሚፈልጉ፣ ነገር ግን በአቅራቢያቸው ክበብ ላጡ ሰዎች ነው። እኔ የምኖረው በደቡብ ጀርመን ትንሽ ከተማ ነው። ቡድናችንን ስንጀምር መጀመሪያ የገዛነው ሰይፍ ነበር፤ ከዚያም ከየቪዲዮው የለቃቀምነውን እንቅስቃሴ ስንደጋግም ስድስት ወር አለፈ። ሁላችንም ስንወዛወዝ ቆየን እንጂ አንዳችንም ለምን እንደዚያ እንደምናደርግ ማስረዳት አንችልም ነበር፤ በመካከሉም የአንድ ጓደኛችን ጣት ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ሰይፉን አስቀምጠን ከመጽሐፉ ጀመርን። ከታች ያለው ቅደም ተከተል ከዚያ በኋላ የሠራንበት ነው።

መጀመሪያ፦ ሰው

ሌላውን ሁሉ ከማድረጋችሁ በፊት በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ጉዞ ርቀት ውስጥ ክበብ መኖሩን አጣሩ። ካለ፣ በወር አንድ ጊዜ እንኳ እየሄዱ ማየት ለብቻ ከመንገታገት ያድናል፤ ብዙዎቹ ክበቦችም እንግዳን በደስታ ይቀበላሉ። ከሌለ ራሳችሁ ጀምሩ። ለመጀመር ሁለት ሰው ይበቃል፤ እኔ ግን አራት ሰው እስኪገኝ ድረስ መጠበቅን እመክራለሁ። አራት ሲሆኑ ሁለት ጥንዶች ይወጣሉ፤ አንዱ ቢቀር እንኳ ሁለቱ ሲሠሩ ሦስተኛው መጽሐፉን ይዞ ይመለከታል። ይህ ተመልካች ምን ያህል እንደሚጠቅም ከታች ይታያል።

ሰዎቹ ስፖርተኞች መሆን አያስፈልጋቸውም። በየሳምንቱ መምጣት የሚችሉ፣ ሲነገራቸው የሚሰሙና ለማንበብ የማይሰንፉ መሆናቸው ግን የግድ ነው። ጋባዡ ገና ሲጠራቸው «የምንሠራው ጥናት ነው፤ ግማሹ ንባብ ነው» ብሎ በግልጽ ይንገራቸው። ሰይፍ መጨበጥ ብቻ የሚሻ ሰው በሦስተኛው ሳምንት መቅረቱ አይቀርም፤ አስቀድሞ ቢያውቀው ለእርሱም ለቡድኑም ይበጃል።

ሁለተኛ፦ አንድ መሣሪያ፣ አንድ መጽሐፍ

የቡድኑ ትልቁ ውሳኔ ይህ ነው። የመጽሐፉ ብዛት ያስጎመጃል፤ «ዊክተናወር» በሚባለው ነጻ የድረ ገጽ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የብራናዎቹ ሥዕል፣ የመጀመሪያው ቋንቋ ንባብና የእንግሊዝኛ ትርጉም ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለሚገኙ አንባቢው ከዚህም ከዚያም ለመቅመስ ይፈተናል። ይህን ፈተና እለፉት። ቢያንስ ለአንድ ዓመት በአንድ መሣሪያና በአንድ መጽሐፍ ጽኑ። እያንዳንዱ መምህር የራሱ የአቋቋም፣ የርቀትና የጊዜ አቆጣጠር ሥርዓት አለው፤ የጣሊያኑን አቋቋም ከጀርመኑ ምት ጋር ያዳበለ ሰው ሙከራው ሳይሳካ ሲቀር ስሕተቱ ከመጽሐፉ ይሁን ከራሱ መለየት አይችልም።

ለምርጫ እንዲያመች የታወቁትን ልጥቀስ። እስከ ዛሬ ከተገኙት ሁሉ ጥንታዊ የሆነው መጽሐፍ በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ፣ በሮያል አርመሪስ ሙዚየም ይገኛል፤ በላቲን ተጽፎ አንድ ካህን ለተማሪው ሰይፍንና ትንሽ ክብ ጋሻን ሲያስተምር ያሳያል። ሥዕሎቹ ያማሩ ናቸው፤ ጽሑፉ ግን ብዙ ነገር አንባቢው እንደሚያውቅ አድርጎ ስለሚያልፍ ለጀማሪ ከባድ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጣሊያናዊው ፊዮሬ ዴይ ሊቤሪ ትግልን፣ ጩቤን፣ ሰይፍን፣ ጦርንና የፈረስ ላይ ውጊያን በአንድ ሥርዓት አያይዞ ለፌራራው ገዥ ለኒኮሎ ዴስቴ አበርክቷል፤ አንደኛው ቅጂ በሎስ አንጀለስ ጌቲ ሙዚየም ይገኛል። እያንዳንዱ ሥዕል በአጭር ጽሑፍ ስለተብራራ፣ ትግልና ጩቤ ለሚወድ ቡድን ከእርሱ የሚሻል አላውቅም። ዮአኪም ማየር በ1570 በስትራስቡርግ ያሳተመው መጽሐፍ እንደ ትምህርት ቤት መማሪያ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳል። ቀጭኑን የመውጊያ ሰይፍ የሚመርጡ ደግሞ የሪዶልፎ ካፖ ፌሮን የ1610 መጽሐፍ ይመልከቱ።

በነገራችን ላይ ለኢትዮጵያ ታሪክ ወዳጅ የሚሆን አንድ መጽሐፍ አለ፤ እርሱም የአኪሌ ማሮዞ ነው። ሞዴና ላይ የታተመው በ1536 ሲሆን፣ ክሪስቶፎሮ ዳ ጋማ አራት መቶ ያህል ፖርቱጋላውያን ወታደሮችን ይዞ ከምጽዋ ወደ ደጋው የወጣው ከአምስት ዓመት በኋላ በ1541 ነው። ማሮዞ ቦሎኛዊ እንጂ ፖርቱጋላዊ ስላልነበር የእነዚያን ወታደሮች ትምህርት እርሱ ጽፎልናል ማለት አይቻልም፤ ዘመናቸው ግን አንድ ነው።

የእኛ ቡድን የመረጠው የዮሐንስ ሊሽተናወርን የረጅም ሰይፍ ትምህርት ነው፤ ከዚህ በኋላ የምሰጣቸው ምሳሌዎችም ከእርሱ ናቸው። ሊሽተናወር በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንደኖረ የሚታሰብ ጀርመናዊ መምህር ነው። ትምህርቱን በአጫጭር የግጥም ስንኞች አስሮ ትቷል፤ ስንኞቹም ጥበቡ ለማይገባው ሰው እንዳይገለጥ ሆን ተብለው የተሸፈኑ መሆናቸውን ተርጓሚዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዚግሙንድ ሪንጌክና ሌሎች ከእርሱ በኋላ የተነሡ ሰዎች ስንኞቹን አንድ በአንድ እየጠቀሱ በስድ ንባብ ፈቷቸው። ቅኔ ሲፈታ ለሰማ፣ ንባቡ ተነብቦ ትርጓሜው በ«አንድም» ሲዘረዘር ለተከታተለ አማርኛ ተናጋሪ ይህ አሠራር ባዕድ አይደለም። እኔን ወደዚህ መጽሐፍ የሳበኝም ይኸው ነው፤ የቡድናችን የጥናት ዘዴ የተወለደውም ከዚህ ነው።

ሦስተኛ፦ ንባብ፣ ትርጓሜ፣ ሙከራ

አንድ ወፍራም ደብተር ግዙ። የቡድኑ ንብረት ይሁን፤ በየሳምንቱ ተራው የደረሰ አንድ ሰው ይያዘው፤ «አንባቢ» በሉት። አንባቢው ከስብሰባው በፊት አንድ ክፍል ብቻ ይመርጣል፤ አንድ ስንኝና ማብራሪያው ከበቂ በላይ ነው። ትርጉሙን በደብተሩ ይገለብጣል፤ የሚቻለው ከሆነም ወደ አማርኛ ይመልሰዋል። ወደ አማርኛ መመለስን አጥብቄ እመክራለሁ፤ በእንግሊዝኛ ሲያነቡት የገባ የመሰለ ዓረፍተ ነገር በራስ ቋንቋ ሲጻፍ ያልገባው ቦታ ወዲያው ይታያል። «መታው» ለማለት እንኳ በምን? በስለቱ ወይስ በጠፍጣፋው? የት? ከየት ተነሥቶ? ብሎ መጠየቅ የግድ ይሆናል።

ከዚያ ትርጓሜ ይከተላል። ምሳሌ እንውሰድ። ከአምስቱ ዋና ምቶች የመጀመሪያው «ዞርንሃው» ይባላል፤ የቁጣ ምት ማለት ነው። ስንኙ በአጭሩ ከላይ የሚመታህን ሰው የቁጣው ምት ጫፍ ያስፈራራዋል ይላል። ማብራሪያው ደግሞ ባላጋራህ ከቀኝ ወገኑ ከላይ ሲመታህ አንተም ከቀኝ ትከሻህ በኃይል ምታ፤ በሰይፉ ላይ ልል ሆኖ ከተሰማህ ጫፉን ወደ ፊቱ አቅና፤ ጠንክሮ ከገፋህ ደግሞ ሰይፍህን ወደ ላይ አውጥተህ በሌላው ወገን ምታ ይላል። ቡድኑ ይህን አንብቦ በደብተሩ እንዲህ ይጽፋል፦

አንድም፦ ምቱ የሚሄደው ወደ ባላጋራው ራስ ነው፤ ሁለቱ ሰይፎች የሚገናኙት እግረ መንገዳቸውን ነው።

አንድም፦ ምቱ የሚሄደው ወደሚመጣው ሰይፍ ነው፤ መጀመሪያ ሰይፉ ይያዛል፣ ጫፉ ቀጥሎ ይላካል።

አንድም፦ ምቱ ወደ ራስ ይሄዳል፤ ነገር ግን የቀኝ እግር እርምጃ ወደ ፊት ብቻ ሳይሆን ወደ ቀኝ ጎንም ስለሆነ ሰውነት ከመስመሩ ይወጣል።

ሦስቱም ዛሬ በሚያጠኑት ሰዎች መካከል በእውነት የሚያከራክሩ ናቸው። የትኛው ልክ እንደሆነ ወዲያው ለመወሰን አትቸኩሉ። እያንዳንዱን «አንድም» በሦስት ጥያቄ መዝኑት። መጀመሪያ፣ ጽሑፉ የሚለውን ሁሉ ያሟላል ወይስ አንዱን ቃል ይዘልላል? ሁለተኛ፣ ከሌላው የመጽሐፉ ክፍል ጋር ይስማማል? ለምሳሌ ይኸው ትምህርት በጠቅላላ ሕጉ ላይ ከቀኝ ስትመታ ግራ እግርህ ፊት ይሁን፣ ቀኝ እግርህም ምቱን ይከተል ስለሚል፣ ያለ እርምጃ የሚሠራ ትርጓሜ ከዚህ ጋር ይጣላል። ሦስተኛ፣ የማይተባበር ሰው ፊት ሲቀርብ ይሠራል?

ሦስተኛው ጥያቄ የሚመለሰው በሰውነት ነው፤ አብዛኛው ጀማሪ ቡድን የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። አጥቂው ጓደኛውን ላለመጉዳት ሲል ሳያውቀው ከርቀት ውጭ ይመታል፣ ወይም ሰይፉን ከራሱ ጎን ያሳልፋል። ይህን ጊዜ ምንም ዓይነት መከላከል «ይሠራል»፤ ባይከላከልም አይመታምና። ስለዚህ በእያንዳንዱ ልምምድ መጀመሪያ ይህን አድርጉ፦ ተከላካዩ ጭምብሉን አጥልቆ ሳይንቀሳቀስ ይቁም፤ አጥቂው በዝግታና በልስላሴ ይምታ፤ ሰይፉ ጭምብሉን መንካት አለበት። ካልነካ ርቀቱ ይስተካከል። ከዚያ በኋላ ብቻ ተከላካዩ የመጽሐፉን መልስ ይሞክር። አሥር ጊዜ በዝግታ፣ አሥር ጊዜ በመካከለኛ ፍጥነት ይሠራ፤ በመጨረሻም አጥቂው ከምቱ በኋላ ልል ወይም ጠንካራ መሆኑን ሳይናገር እንደ ፈቀደው አሥር ጊዜ ይሞክር። ከአሥሩ ስንቱ እንደተሳካ የሚቆጥረውና ሁለቱ የማያዩትን እግርና ርቀት የሚያየው ያ ሦስተኛው ተመልካች ነው። ቁጥሩ በደብተሩ ከየትርጓሜው ጎን ይጻፍ።

የወደቀውን ትርጓሜ አትፋቁት። አንድ መስመር አስምሩበትና ቀኑንና የወደቀበትን ምክንያት ከጎኑ ጻፉ። እኛ በሁለተኛው ወር የጣልነውን አንድ ትርጓሜ፣ ርቀት መለካት ከተማርን በኋላ በዘጠነኛው ወር መልሰን አንሥተነዋል።

አራተኛ፦ ቦታ፣ ሕግና መድን

የቤት ውስጥ ቦታ ስትፈልጉ ወለሉን ሳይሆን ጣሪያውን አስቀድማችሁ እዩ። መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ ከ2 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ የሰይፉ ስለት ብቻ አንድ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ከ3 ሜትር ተኩል በታች የሆነ ጣሪያ ከላይ ለሚመጣ ምት አይሆንም፤ የተለመደ የመኖሪያ ቤት ክፍልማ አይታሰብም። የትምህርት ቤት ጂምናዚየም፣ የሰበካ አዳራሽ ወይም የማኅበረሰብ ማእከል ይሻላል። ለእያንዳንዱ ጥንድ በትንሹ 3 በ6 ሜትር ያህል ነጻ ቦታ ይኑር።

በጋ ላይ መናፈሻ ያምራል፤ ነገር ግን ሰይፍ የያዘ ሰው ያየ መንገደኛ ፖሊስ ቢጠራ አይፈረድበትም። ሜዳውን ለሚያስተዳድረው ክፍል አስቀድማችሁ ማመልከቻ ጻፉ፣ ፈቃዱንም በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። በጀርመን ሕግ የሚቆርጥና የሚወጋ የጦር መሣሪያን በአደባባይ ይዞ መሄድ የተከለከለ ሲሆን በተቆለፈ መያዣ ማጓጓዝ ግን ይፈቀዳል። የልምምድ ሰይፍ ያልተሳለ ቢሆንም እኛ ይህንኑ ሥርዓት እንጠብቃለን፤ በባቡር ስንሄድ ሰይፎቹ በተቆለፈ ረጅም ቦርሳ ውስጥ ናቸው። በሌላ አገር ያላችሁ የአገራችሁን ሕግ ከመጀመሪያው ግዢ በፊት ጠይቁ።

ቡድኑ ሲያድግ ሕጋዊ ሰውነት ማግኘት ይጠቅማል። በጀርመን ማኅበርን በፍርድ ቤት መዝገብ ለማስመዝገብ ቢያንስ 7 መሥራች አባላት ያስፈልጋሉ፤ የከተማ አዳራሽ ለመጠየቅም ሆነ መድን ለመግዛት የተመዘገበ ማኅበር ከግለሰብ ይልቅ ይቀለዋል። ሰባት ሳትሞሉ ደግሞ በአካባቢው ባለ የስፖርት ማኅበር ሥር እንደ አንድ ክፍል መጠለል ይቻላል፤ ማኅበሩ መድን ካለው የመድኑ ውል የሰይፍ ልምምድን እንደሚሸፍን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥላችሁ ጠይቁ።

አምስተኛ፦ ዕቃውና ዕቁቡ

የግዢው ቅደም ተከተል ከጭምብል ይጀምር። የፌንሲንግ ጭምብል ፊትን በሚገባ ይጠብቃል፤ የተሠራው ግን ለቀላሉ የስፖርት ሰይፍ ስለሆነ የራስን ኋላ ሳይሸፍን ይተወዋል። በላዩ የሚደረብና ኋላውን የሚሸፍን መከላከያ ጨምሩበት። ቀጥሎ የጉሮሮ መከላከያና ጓንት ይምጣ፤ ከዚያ የናይለን ወይም የእንጨት ሰይፍ። የክርን፣ የጉልበት፣ የብልትና ለሴቶች የደረት መከላከያ ከወፍራሙ ጃኬት ጋር አብሮ ይታሰብ። የብረት ሰይፍ የመጨረሻው ነው።

ስለ ጓንት ትንሽ ልቆይ። በረጅም ሰይፍ ልምምድ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው እጅ፣ በተለይም ጣት ነው፤ ሰይፉን የያዘው እጅ ወደ ባላጋራው ከሁሉ ቀድሞ የሚደርስ የሰውነት ክፍል ነውና። ለዝግታ ልምምድ ቀላል የቆዳ ጓንት ይበቃል። በፍጥነት ለመፋለም ግን ጠንካራ ቅርፊት ያለው፣ የጣቶቹን ጫፍና አውራ ጣትን ጭምር የሚሸፍን የሄማ ጓንት ያስፈልጋል። የጓደኛችን ጣት የተሰበረው በበረዶ ሆኪ ጓንት ሲፋለም ነው፤ የጣቱ ጫፍ ከመከላከያው ወጥቶ ነበር።

ጃኬት ስትገዙ 350 ወይም 800 ኒውተን የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ቁጥሩ ጨርቁ መበሳትን ምን ያህል እንደሚቋቋም ይናገራል እንጂ የምቱን ድንጋጤ ምን ያህል እንደሚያበርድ አይናገርም፤ ይህን የሚያደርገው ውስጡ ያለው ድርብርብ ነው። የብረቱ ሰይፍ ደግሞ «ፌደር» የሚባለው ዓይነት ይሁን፤ ስለቱ ቀጭን ነው፣ ከእጀታው አጠገብ ሰፋ ይላል፣ ሲወጋ ይተጣጠፋል። ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከ1.3 እስከ 1.6 ኪሎ፣ ርዝመቱ 130 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ለግድግዳ ጌጥ የሚሸጥ ሰይፍ ፈጽሞ አይሁን፤ በመጀመሪያው ግጭት ሊሰበርና ስባሪው ሊበር ይችላል። ከየልምምዱ በኋላ ስለቱን ዳስሱ፤ በግጭት የተነሣ ሹል ጥርስ ካለ በሞረድ አስተካክሉ፣ በዘይትም ጥረጉ።

ይህ ሁሉ ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከባድ ወጪ ነው፤ ፌደሩ ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር ዩሮ ያወጣል። እኛ የፈታነው በዕቁብ ነው። ስድስት ሰው በየወሩ 50 ዩሮ ቢጥል በወር 300 ይሆናል፤ ዕጣ የወጣለት ሰው በገንዘቡ ዕቃ ይገዛል፣ የገዛውንም ሁሉም ተሟልቶላቸው እስኪያበቃ ለቡድኑ ያውሳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዕጣዎች ጭምብልና ጓንት እንዲገዛ ከወዲሁ ተስማሙ፤ አለዚያ ሁሉም ሰይፍ ይገዛና ፊቱን የሚሸፍን ሰው ይጠፋል።

ስድስተኛ፦ የሁለት ሰዓት ስብሰባ

በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከተገኘ ጥሩ ነው። 15 ደቂቃ ሰውነት ማፍታታት፣ በተለይ ትከሻንና የእጅ አንጓን፤ 20 ደቂቃ እርምጃና ምት በአየር ላይ፤ 25 ደቂቃ ተቀምጦ ንባብና ትርጓሜ፤ 45 ደቂቃ በጥንድ ሙከራ፤ የቀረው ደብተር መሙላት። ንባቡን ከመካከል ያደረግነው በምክንያት ነው፤ በመጀመሪያ ሲሆን ሰው አርፍዶ ይመጣበታል፣ በመጨረሻ ሲሆን ደክሞት አይሰማም።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ከአቋቋም፣ ከእርምጃና ከቀኝና ከግራ ከሚመጣ ምት ሌላ አትጨምሩ። አራቱን አቋሞች ተማሩ፦ «ኦክስ»፣ ማለትም በሬ፣ ሰይፉ ከራስ ጎን ተይዞ ጫፉ እንደ ቀንድ ወደ ባላጋራው ፊት የሚያይበት፤ «ፍሉግ»፣ ማለትም ማረሻ፣ እጀታው ከወገብ ጎን ሆኖ ጫፉ ወደ ላይ የሚያመለክትበት፤ «አልበር»፣ ማለትም ሞኝ፣ ጫፉ ወደ መሬት የሚወርድበት፤ «ፎም ታግ» ደግሞ ሰይፉ በትከሻ ወይም ከራስ በላይ ለምት የሚዘጋጅበት። በሬና ማረሻ ለእኛ አገር ሰው ወዲያው ዓይን ውስጥ የሚገቡ ስሞች ናቸው፤ ስሙን በአማርኛ መጥራት ለማስታወስ ይረዳል። ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት የቁጣው ምት ይጠና። ከዚያ ሦስት ሳምንት ሰይፍ ከሰይፍ ሲጣበቅ ጥንካሬንና ልልነትን በእጅ ለመለየት ይሰጥ፤ ዓይን ጨፍኖ መለማመድም ይጠቅማል፤ ይህን ስታደርጉ ሳትመቱ በሰይፎቹ ንክኪ ላይ ብቻ ቁሙ። ከአሥረኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት አግድም የሚመታውን «ትስቬርህሃው» ጨምሩ። ሌሎቹ ሦስቱ ዋና ምቶች ይቆዩ።

ሰባተኛ፦ ወደ ነጻ ፍልሚያ

ከሦስት ወር በፊት ነጻ ፍልሚያ አትጀምሩ፤ ስትጀምሩም በገደብ ይሁን። መጀመሪያ አንዱ የሚያጠቃበት፣ ሌላው የሚከላከልበት፣ ከአንድ ግጭት በኋላ የሚቆም ጨዋታ ይበቃል። የማቆሚያ ቃል ይኑራችሁ፤ እኛ «ቁም!» እንላለን። ቃሉን ተመልካችም ቢሆን ማንም ሰው መጥራት ይችላል፤ ሲጠራም ሁለቱ ምት ጀምረው ቢሆን እንኳ ይቆማሉ። ጭምብል ያላጠለቀ ሰው ከሜዳው ወሰን አይገባም። ራሱን በኃይል የተመታና ከዚያ በኋላ የራስ ምታት፣ ማጥወልወል ወይም መደናገር የተሰማው ሰው የዚያን ቀን አይመለስበትም፤ ሐኪም ማየትም አለበት።

የተመታ ሰው ራሱ «ተመታሁ» ብሎ ይናገር። ከሁሉ በላይ የምትከታተሉት ነገር ግን ሁለቱም በአንድ ጊዜ የተመቱበት ግጭት ይሁን። በእውነተኛ ስለት ሁለቱም ይሞቱ ነበርና፣ እንዲህ ያለው ግጭት ማን ቀደመ ተብሎ አይዳኝ፤ የሁለቱም ሽንፈት ተብሎ በደብተሩ ይቆጠር። ብዛቱ ከሳምንት ሳምንት ካልቀነሰ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጋችሁ ወደ ጥንድ ሙከራው ተመለሱ።

ስምንተኛ፦ ደንብ

አንድ ገጽ ይበቃል፤ ነገር ግን ተጽፎ ሁሉም ይፈርምበት። የመገኘት፣ የዕቃና የደኅንነት ሕግ ይግባበት፤ ዕድሜው ያልደረሰ ሰው ያለ ወላጅ ፈቃድ እንዳይገባም ይጻፍ። አንዲት ሴት ወይም አንድ አዲስ ሰው መፋለም አልፈልግም ካለ ማንም እንዳያስገድድም እንዲሁ። አንድ ሌላ ነገር ጨምሩ፦ የመካከለኛውን ዘመን አውሮፓ ምስል ለዘር ጥላቻ መጠቀሚያ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፤ እንዲህ ያለው ሰው ቡድኑን ሲጠጋ በደንቡ መሠረት ይሰናበት። ጥበቡ የእነርሱ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በጀርመን ብራናዎች ውስጥ ትልቅ ስፍራ ያለው የትግል ትምህርት ኦት ለተባለ መምህር የተሰጠ ሲሆን፣ ኦት ከአይሁድ ወገን እንደነበረ በዚያው ዘመን ጽሑፎች ተመዝግቧል። እኔም ወደ ሌሎች ክበቦች በእንግድነት ስሄድ የሚጠይቁኝ ስለ እርምጃዬና ስለ ትርጓሜዬ ነው።

ዘጠነኛ፦ ከሌሎች ጋር

ስድስት ወር ሲሞላችሁ ሌላ ክበብ ጎብኙ፤ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ። ካልተመለሱት ጥያቄዎቻችሁ ሦስቱን ምረጡና ጠይቁ፤ በእንግዳ ቤት ስለ ራስ ከመተረክ ይህ ይሻላል። የረጅም ጊዜ ልምድ ያለው ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያርመው የእግር አቀማመጥ የወራት ድካም ይቆጥባል። ውድድር የሚወዱም ቢሆኑ መጀመሪያ በተመልካችነት ይሂዱ፤ በስዊድን ጎተንበርግ በ2006 የተጀመረው «ሶርድፊሽ» በዓለም ከታወቁት አንዱ ነው። ቢቻላችሁ ሙዚየም ገብታችሁ የጥንቱን ሰይፍ በዓይናችሁ እዩ፤ ብዙ ሰው ከሚያስበው የቀለለና የቀጠነ ነው።

ዓመቱ ሲሞላ አዲስ ክፍል አትጀምሩ። ያን ቀን የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ ክፈቱ፤ የቁጣውን ምት እንደገና አንብቡ፤ አስምራችሁ የጣላችሁትን እያንዳንዱን «አንድም» በአሁኑ እጃችሁና እግራችሁ አሥር አሥር ጊዜ ሞክሩ። አዲሱን ቁጥር ከአሮጌው ጎን ከነቀኑ ጻፉ፤ ሁለተኛውን መጽሐፍ የምትመርጡት ከዚያ በኋላ ነው።